ትርንጎ ውኃ የፈራች ሰሞን

መጀመሪያ ያሳከካት ቁርጭምጭሚቷን ነው። ሰኞ ጠዋት ክፍል ውስጥ ተቀምጠን ትርንጎ ጫማዋን አውልቃ በእስክሪብቶ ጫፍ ትፈገፍገው ጀመር። "ውስጥ ውስጡን እንደ እሳት ይሄድብኛል" አለችኝ። አየሁት። ከስድስት ሳምንት በፊት ውሻ የነከሳት ቦታ ነው፤ ድኖ ጠባሳው እንኳ በቅጡ አይታይም። ቁስል ሲድን ያሳክካል አልኳት። ሐኪሟ እኔ መሆኔ ነው።

ይህን የምጽፈው ቤታችሁ ውስጥ ውሻ የነከሰው ሰው ላለ፣ ወይም ወዳጃችሁ ድንገት ጠባዩ ተለውጦ ግራ ለገባችሁ ነው። የሚያጽናና ታሪክ የምትፈልጉ ከሆነ ከእኔ አታገኙም።

ነገሩ የሆነው ሚሊኒየሙ ካለፈ ከስድስት ሰባት ዓመት በኋላ ነው። እንጅባራ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርን። እኔ ከአዘና፣ ትርንጎ ከአዲስ ቅዳም ወዲያ ካለ ገጠር መጥተን፣ እማማ ስንዱ ግቢ አንዲት ክፍል በጋራ ተከራይተን እንኖራለን። ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቅ ለማምጣት ወደየቤታችን እንሄዳለን። ትርንጎ ተጫዋች ነበረች። በአገውኛ ትቀልድና አማርኛ ብቻ የምናውቀው ሳይገባን እንስቃለን፤ ከዚያ የሳቅነው በራሳችን እንደሆነ ትነግረናለች። በጣም እወዳት ነበር።

የነከሳት የራሳቸው ቡችላ ነው፣ ስንቅ ልታመጣ የሄደች ቀን። ጡት ከጣለ ብዙም ያልቆየ ቡችላ፣ ማን ይጠረጥረዋል? በሳምንቱ ስትሄድ ሞቶ አገኘችው። ያን ጊዜ አባቷ አቶ ደሴ ደንግጠው መድኃኒት አዋቂ ዘንድ ወሰዷት። ሰውየው ሥር ቀጥቅጦ በወተት አጠጣትና ለአርባ ቀን ወንዝ እንዳትሻገር፣ ቁስሉን ውኃ እንዳታስነካ፣ መርፌም እንዳትወጋ ከለከላት፤ አለዚያ መድኃኒቱ ይረክሳል። ለማንም እንዳታወራ ተብላ ነበር፣ ለእኔ ግን አወራችኝ። ወደ እንጅባራ ስመለስ ወንዝ ተሻገርኩ ብላ ስትጨነቅ፣ በሚኒባስ ሆኖ በድልድይ ማለፍ መሻገር አይባልም ብዬ አሳቅኳት። ሐኪም ቤት እንሂድ የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም። እኔም የመድኃኒቱን መርከስ እፈራ ነበር።

ካሳከካት በማግሥቱ ራሷን አመማት፣ ትኩሳትም ያዛት። ረቡዕ እንቅልፍ አጣች። ሐሙስ የሒሳብ መምህራችን መስኮት ሲከፍት ነፋሱ ፊቷን ነካትና ብድግ ብላ "ዝጋው!" ብላ ጮኸችበት። ለመምህር፣ "ዝጋው" ብላ! ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እኔ አልሳቅኩም፣ አፈርኩባት። ትርንጎ እኩያዋን እንኳ የማታስቀይም ልጅ ነበረች።

ከትምህርት ስንመለስ ውኃ ቀድቼ ሰጠኋት። ኩባያውን ወደ አፏ ስታስጠጋ አንገቷ ተኮማተረና ውኃውን ግድግዳው ላይ ወረወረችው። እኔ ግን የገባኝ መሰለኝ። አርባው ቀን ሊያልቅ ጥቂት ነው የቀረው፣ ስለ ወንዙም ፈርታለች፣ ስለዚህ ክልከላውን አጥብቃ ይዛ ከውኃ ሁሉ ሸሸች አልኩ። የክፍል ልጆች ምን ነካት ሲሉኝ ምክንያት አላት ብዬ ዝም እላለሁ። እነሱ ያላወቁትን በማወቄ ኩራትም ቢጤ ነበረኝ። ሐኪሞች ሃይድሮፎቢያ፣ ውኃ መፍራት፣ የሚሉትን ምልክት በዓይኔ እያየሁ የራሴን ትርጉም ሰጥቼ ተኛሁ።

ዓርብ ምራቋን መዋጥ አቃታት። በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ከወዲያ ወዲህ ትላለች፣ በአገውኛ ብቻዋን ታወራለች። እማማ ስንዱ አንድ ነገር ይዟታል ብለው ለአባቷ አስደወሉ። ሁለታችን ብቻ ስንቀር ግን ትርንጎ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ጥርት ባለ አማርኛ፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው፣

"ሙሉ፣ ውኃ ጠምቶኛል። አትስጪኝ ግን" አለችኝ።

ቅዳሜ ጠዋት አቶ ደሴ ደረሱ። ስንቋን ይዘውላት ነበር የመጡት። በባጃጅ ወደ ጠበል ወሰድናት።

የውኃውን ድምፅ ስትሰማ ጮኸች። ሰዉ አማተበ። ጠበል ፈራች፣ ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ አለ? እኔም አመንኩ። አቶ ደሴ እግሯን ያዙ። እኔ ራሷን ያዝኩ። አፏን ከፈትኩ። ጥርሷ መዳፌን ቀደደው። አልለቀቅኩም። ውኃው ፊቷን ነካ። አንገቷ ተቆለፈ። መተንፈስ አቃታት።

የሚያጠምቁት አባት እጃቸውን አነሡ። ጠጋ ብለው ለረጅም ጊዜ አዩአት።

"ልቀቋት። ይህቺን ልጅ ውሻ ነክሷታል? እንዲህ ሆኖ የመጣ ሰው ከዚህ በፊት አይቻለሁ። ሐኪም ቤት ውሰዷት፣ ጸሎቱን እኔ እጸልያለሁ" አሉ።

ሐኪሙ ወጣት ነበር። ምን እንዳገኛት ሲጠይቅ እኔ ተናገርኩ። ቡችላውን፣ ሥሩን፣ ወንዙን፣ ሁሉንም። ሐኪሙ የሕክምና ካርዷን አንሥቶ ፊቷ ላይ አንድ ጊዜ አራገበው። በዚያች ትንሽ ነፋስ አንገቷ እንደገና ተኮማተረ። ካርዱን አስቀመጠው።

"ሬቢስ ነው፣ የእብድ ውሻ በሽታ። ምልክቱ አንዴ ከጀመረ የሚያድን መድኃኒት የለም። እንዳትሰቃይ ማስታገሻ እንሰጣታለን።"

አቶ ደሴ ባሕር ዳርስ፣ አዲስ አበባስ ብለው ጠየቁ። የትም የለም አላቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

"አንቺ፣ እጅሽን አሳዪኝ።"

ዳያዜፓም የሚባለው ማስታገሻ ተሰጣት። መስኮቱን ዘጉላት። ሰኞ ረፋድ ላይ ሞተች። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ቀብሯ ላይ አልነበርኩም።

ያልነበርኩት ሐኪሙ ያን ቅዳሜ እጄን በሳሙና ሩብ ሰዓት ሙሉ አሳጥቦ፣ አንድ ቀን እንዳላድር አስጠንቅቆ ለክትባት ስለላከኝ ነው። ባሕር ዳር አክስቴ ቤት ተቀምጬ ሁለት ሳምንት በየቀኑ ሆዴ ላይ ተወጋሁ፤ የዚያን ጊዜው ክትባት እንዲያ ነበር፣ ቆዳዬ አብጦ ቀበቶ ማሰር እስኪያቅተኝ ድረስ፣ ከዚያም በኋላ ተጨማሪ መርፌዎች ነበሩበት። ከመርፌው ይልቅ የጎዳኝ ጥዋት ጥዋቱ ነው፤ ከእንቅልፌ ስነቃ ማንንም ሰላም ሳልል አንድ ብርጭቆ ውኃ ቀድቼ፣ ጉሮሮዬ እንቢ ይለኝ እንደሆነ ለማየት እጠጣለሁ፣ ሲወርድልኝም ከመደሰት ይልቅ ትርንጎ ትዝ ትለኝና አለቅሳለሁ። ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ነበርኩ። አሥራ አንደኛን ደግሜ፣ ዘግይቼም ቢሆን ተመርቄ፣ ዛሬ ዳንግላ አስተምራለሁ፤ ክፍል ውስጥ የአንድ ልጅ ጠባይ ድንገት ከተለወጠ ከሰይጣንም ከሱስም በፊት የምጠይቀው ስለ ውሻ ነው፣ ተማሪዎቼም በዚህ ይስቁብኛል፣ ይሳቁ።

አመስጋኝ ነኝ። እጄን አይቶ ያላለፈኝን ሐኪም፣ እውነቱን በአደባባይ የተናገሩትን የጠበሉን አባት፣ በየቀኑ መርፌ ቤት ያደረሰችኝን አክስቴን አመሰግናለሁ። ለእናንተ የምለው አጭር ነው። የነከሰው ቡችላ ቢሆንም፣ የቤት ድመት ቢሆንም፣ ጭረት ብቻ ቢሆንም፣ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ሩብ ሰዓት እጠቡትና በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። የባህል መድኃኒት የወሰደ ሰው ክትባት መከተብ ይችላል፤ መርፌ የሚያረክሰው ነገር የለም። ክትባቱ ዛሬ ክንድ ላይ ነው፣ ቁጥሩም ያነሰ ነው፤ ጀምራችሁ አታቋርጡት። ውሻችሁንም አስከትቡ።

ለተዝካሯ ሄጄ ነበር። አቶ ደሴ ከሰው ነጥለው ወሰዱኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። "ልጄ፣ ያኔ ጠበሉ ላይ ስንይዛት ማን እንደያዛት ታውቅ ነበር?"

አይ፣ ራሷን ስታ ነበር አልኳቸው። ተመስገን አሉ፣ ደጋግመው።

አሁን እሳቸውም አርፈዋል፤ ስለዚህ ልጽፈው እችላለሁ። ይህ በሽታ ሰውን ቶሎ ከራሱ አይለየውም፤ ከአንዱ መኮማተር እስከሚቀጥለው ድረስ ያው የምታውቁት ሰው ነው። ውኃ የሚሸሽ ሕመምተኛ ካያችሁ፣ ሌላ ምንም ባታደርጉለት፣ እባካችሁ በጉልበት አትያዙት። ትርንጎ ታውቅ ነበር። አፏን ልከፍት ስታገላት በስሜ ጠርታ፣ "ሙሉ፣ አንቺ እንኳ ልቀቂኝ" ብላኛለች።