ተከድኖ የማይተኛው ላፕቶፕ

ሞላሌ ከተማ ኮምፒውተር ስጠግን ብዙ ጉድ አይቻለሁ፤ የጋሽ ደምሴን ግን አልረሳውም። ጋሽ ደምሴ የጓሳ ተራራን የጋራ ሣር ከሚጠብቁት ሽማግሌዎች አንዱ ናቸው። ማን ተራው ደርሶ እንዳጨደ የሚመዘግቡት በላፕቶፕ ነው። ላፕቶፑ ታዲያ ገና ከመከፈቱ ድርግም ብሎ ይተኛል።

ሁለት ቀን ታገልኩት። ጥፋቱ ከፋብሪካው ነው፤ ማሽኑ ውስጥ አብሮ የመጣው፣ የክዳኑን ሁኔታ የሚናገረው ሰንጠረዥ፣ ክዳኑ ወለል ብሎ ተከፍቶም «ተከድኗል» ይላል። ላፕቶፑን የሚያሠራው ሊኑክስ የተባለው ፕሮግራምም ሰንጠረዡን አምኖ ማሽኑን ያስተኛዋል። ሰንጠረዡን ማረም ቢያቅተኝ፣ ለሊኑክስ «ስለ ክዳን የሚነግርህን አትስማ» የሚል አንድ መስመር ጻፍኩለት። ሠራ! ጋሽ ደምሴ መርቀውኝ በፈረሳቸው ሄዱ።

ከሄዱ በኋላ ነው ስህተቴ የገባኝ። ለካ አሁን ሲከደንም አይተኛም! አጥፍተው እንዲከድኑት አልነገርኳቸውም። ግሎ ቢቃጠልስ? የሣሩ መዝገብ ያለው እሱ ላይ ብቻ ነው። ብደውል ብደውል ስልካቸው አይሠራም።

በሳምንቱ፣ በገበያ ቀን፣ ከአንድ ጓደኛቸው ጋር መጡ። ላፕቶፑን ከበርኖሳቸው ሥር ደረታቸው ላይ አቅፈውታል።

«ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ይግላል አይደል? አሁኑኑ አስተካክለዋለሁ» አልኳቸው።

«እንዳትነካው!» ብለው ወደ ኋላ ሸሹ። «የጓሳን ውርጭ የምሻገረው በሱ ሙቀት ነው።»

ቀጥለው የጓደኛቸውን ላፕቶፕ ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት።

«የሱ ደኅና ነው፤ ሲከደን ይተኛበታል። እባክህ ልጄ፣ እንደኔው አርግለት።»