ያልመጡትን የቆጠሩት ጋሽ እንድሪስ

የመካነ ሰላሙ ድሬሰር ጋሽ እንድሪስ ይመር ባለፈው ዓርብ ከጁምዓ በኋላ በቤታቸው አርፈዋል። ዕድሜያቸው ሰማንያን አልፎ ነበር። ከወግዲም ከከላላም ሰው በእግሩና በበቅሎው መጥቶ ሸኝቷቸዋል፤ ክርስቲያኑም እስላሙም ቃሬዛቸውን እየተቀባበለ ተሸክሟል። ለማታውቁኝ፣ እኔ አስካለማርያም እባላለሁ፤ በከተማው ክሊኒክ በእሳቸው ሥር በጤና ረዳትነት የሠራሁ ነኝ። ይህን እንድጽፍ የጠየቁኝ ልጆቻቸው ናቸው። ደግ ደጉን ብቻ እንድጽፍ ፈልገው ይሆናል። ደጉ ብዙ ነው። ነገር ግን በለቅሶው ድንኳን ውስጥ ከኋላዬ የተቀመጠ አንድ ሰው ለጎረቤቱ «በዚያን ጊዜ ረሃቡን የደበቁት እኮ እሳቸው ናቸው» ሲል ሰማሁ። ዞር ብዬ መልስ መስጠት ነበረብኝ፤ አልሰጠሁም። ስለዚህ መልሱን እዚህ እጽፈዋለሁ።

ክሊኒኩ ሦስት ክፍል ያላት የቆርቆሮ ቤት ነበረች። ከሥልጠና ወጥቼ ስመደብ ጋሽ እንድሪስ ነጭ ጋውናቸውን ራሳቸው አጥበው የሚለብሱ፣ የአገሩን ሰው ሁሉ ከነአባቱ ስም የሚያውቁ፣ ረጅምና ቀጭን ሰው ነበሩ። የእጅ ጽሑፋቸው ግን ዶሮ የጫረችው ይመስል ነበር። እኔ አባቴ ቄስ ስለነበሩ ከልጅነቴ አስተካክዬ መጻፍ ተምሬአለሁ። በዚህም ምክንያት መዝገቡና ሪፖርቱ የእኔ ሥራ ሆነ። «አንቺ ጻፊ አስካል፤ የእኔን ጽሕፈት ደሴ ያሉት እንደ ክታብ አንገታቸው ላይ ያስሩታል እንጂ አያነቡትም» እያሉ ይስቁ ነበር።

አንድ ቀን ማዝ የሚሉት ትራኮማ ዓይኑን ያጠፋበት ገበሬ ከወግዲ መጣ። ልጁ የዱላውን ጫፍ ይዛ ትመራዋለች። እኔም መዝገቡ ላይ «ሕመምተኛ፣ አንድ» ብዬ ጻፍኩ። ጋሽ እንድሪስ ከጀርባዬ ቆመው ሲያዩ ኖሮ «ሁለት ናቸው» አሉኝ።

«ልጅቱን ምንም አላመማትም እኮ» አልኳቸው።

እሳቸው ወደ ልጅቱ ዞረው «የኔ እናት፣ ትምህርት ቤት ትሄጃለሽ?» ሲሉ ጠየቋት።

«አባቴን ማን ይመራዋል?» አለች።

«ሰማሽ?» አሉኝ። «በሽታው የእሱን ዓይን፣ የእሷን ቀን ወሰደ። ይህን የምንጽፍበት ዓምድ መዝገቡ ላይ የለም። ዓምድ ስለሌለው ግን ነገሩ የለም ማለት አይደለም።»

ከዚያ በኋላ ነው ደብተራቸውን ያየሁት። ተራ የተማሪ ደብተር ነው። ወባ የያዘው ገበሬ ሲመጣ «ስንት ቀን ሳታርስ ቀረህ?» ብለው ይጠይቁና ይጽፉታል። ሕፃን ሲሞት ደግሞ ቢያድግ ኖሮ የሚኖረውን ዓመት አስበው ያሰፍራሉ። ዛሬ በየስብሰባው «የበሽታ ጫና» እየተባለ በሠንጠረዥ ሲቀርብ ስሰማ፣ ጋሽ እንድሪስ ይህን ማንም ሳያስተምራቸው በዚያች ደብተር ይሠሩት እንደነበር አስታውሳለሁ። እኔ ግን ያኔ ሥራ ማብዛት ይመስለኝ ነበር። እንዲያውም አንዳንድ ቀን «ጋሼ፣ ያልታመመውንም ልንጽፍ ነው?» እያልኩ እቀልድባቸው ነበር።

ደግነታቸውን ላስረዳ ብል ቀኑ አይበቃኝም። ምጥ የጠናባትን ሴት ከከላላ መንገድ ላይ አግኝተው፣ በበቅሏቸው ጭነው፣ እሳቸው ልጓሙን ይዘው ቀኑን ሙሉ በእግራቸው ያመጧት ሰው ናቸው። ደርሰው መቀመጥ ሲገባቸው እጃቸውን ታጥበው ማዋለድ ጀመሩ። ያ ሕፃን ዛሬ የልጆች አባት ነው፤ ለቅሶውም ላይ ነበር።

ከዚያ ክፉው ዘመን መጣ። በስልሳ አምስት ዝናቡ ቀረና ሰዉ ወደ ክሊኒኩ ጎረፈ። ተቅማጥ ነው፣ ኩፍኝ ነው፣ እግር ማበጥ ነው። ጥቂት ወራት አለፉና ደግሞ ሰዉ መሳሳት ጀመረ። አግዳሚ ወንበሮቹ ባዶ መዋል ያዙ። ጋሽ እንድሪስ በዚህ ጊዜ በቅሏቸውን ጭነው ወደ ገጠሩ ወጡ። መንገዱ አስቸጋሪ ስለሆነ ወደ ደሴ የሚሄደው የጭነት መኪና መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። ስለዚህ ከከተማ ሲወጡ የሪፖርቱን ባዶ ቅጽ ፈርመው እኔ ዘንድ መተው ልማዳቸው ነበር። ያን ያህል ያምኑኝ ነበር።

መኪናው እሳቸው በሌሉበት መጣ። ሹፌሩ ጥሩምባውን እየነፋ ያጣድፈኛል። መዝገቡን ገልጬ የታካሚውን ቁጥር ደመርኩ። ካለፈው በጣም አንሷል። እኔም በዚያ በሚያምር ጽሕፈቴ «የሕሙማን ቁጥር በእጅጉ ቀንሷል፤ የአካባቢው ጤና ተሻሽሏል» ብዬ ከፊርማቸው በላይ ጻፍኩና ላክሁት። እውነት ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር። ሥራችን ፍሬ ያፈራ መስሎኝ ነበር።

ከሳምንት በላይ ቆይተው ሲመለሱ ፊታቸው የሰው ፊት አይመስልም። የላክሁትን ሪፖርት ግልባጭ ሰጠኋቸው። አንብበው ጨረሱ። አልጮሁብኝም።

«አስካል፣ ታሞ ለመምጣትም እኮ ጉልበት ይፈልጋል» አሉኝ። «ሰዉ የቀረው ድኖ አይደለም። እኔ የየመንደሩን ቅሬ ዳኛ ስጠይቅ ነው የከረምኩት።» ቅሬ ማለት ሞት ሲደርስ ተጠራርቶ የሚቀብረው የመንደር ማኅበር ነው። «ስንቴ ወጣችሁ እያልኩ ጠየቅኋቸው። መጀመሪያ የደረስኩበት መንደር፣ በየቀኑ እንወጣለን አሉኝ። ቀጥሎ የደረስኩበት፣ መውጣት ትተናል አሉኝ። የሚሞት ጠፍቶ መስሎኝ አልሐምዱሊላህ ልል አፌን ከፈትሁ። ለካ የሚሸከም ጠፍቶ ነው።»

በማግስቱ ሁለተኛ ሪፖርት አዘጋጅተን ወደ ወረዳው ሹም ይዘን ሄድን። መዝገቡን የተሸከምኩት እኔ ነኝ። ሹሙ የፊተኛውን ግልባጭና አዲሱን ጎን ለጎን አስቀምጦ «ሁለት ወረቀት፣ አንድ ፊርማ። የትኛውን ልመን?» አላቸው።

«አዲሱን ይመኑ፤ የፊተኛው ስሕተት ነው።»

«የፊተኛውን ማን ጻፈው?»

ጋሽ እንድሪስ ወደ እኔ አልዞሩም። «በእኔ ፊርማ ነው የሄደው» አሉ። እኔ ከእሳቸው አንድ እርምጃ ርቄ ቆሜያለሁ። «እኔ ነኝ፤ እሳቸው አላዩትም» ብል አዲሱ ወረቀት ይታመን ነበር። ግን እናቴና ወንድሞቼ በእኔ እጅ ነበሩ፤ ከሥራ ብባረር ምን ይበላሉ ብዬ ፈራሁ። ዝም አልኩ። ሹሙም «በጤናዎ ነው የፈረሙት?» ብሎ አላገጠባቸውና ሁለተኛውን ወረቀት መሳቢያ ውስጥ ከተተው።

እህል ወደ እኛ የመጣው ዘግይቶ ነው። በእኔ ወረቀት ብቻ ዘገየ አልልም፤ መንገዱም መንግሥቱም የየድርሻቸው ነበራቸው። የእኔን ድርሻ ግን ምንም አልነበረም ማለት አልችልም። እህሉ ሲደርስ አብሬ ሄጄ ነበር። ጠርተን ጠርተን የሚቀበል ያጣንበት ቤት አለ።

አብዮቱ ሲፈነዳ ደግሞ «ረሃቡን የደበቀው ማነው?» የሚል ጥያቄ መጣ። ሕዝቡ ገበያው ሜዳ ላይ ተሰበሰበ። ከሌላ አገር የመጣ ባለጎፈሬ ጎልማሳ ያን ሪፖርት ከፍ አድርጎ አነበበው። «የአካባቢው ጤና ተሻሽሏል» ሲል ሰዉ አጉረመረመ። ዘመዶቹን የቀበረ፣ መቅበርም ያልቻለ ሰው ነው እኮ የቆመው። ጎልማሳው ወረቀቱን እያሳየ «ፊርማው የማን ነው?» ብሎ ጠየቀ።

«የእኔ ነው» አሉ ጋሽ እንድሪስ።

ጽሕፈቱ የማን ነው ብሎ የጠየቀ የለም። የእሳቸውን ጽሕፈት አንድ ጊዜ ያየ ሰው ያ ወረቀት የእሳቸው እጅ እንዳልሆነ ያውቅ ነበር። እኔ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበርኩ፤ ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብ አደረግሁ።

ታሰሩ። ምግብ ይዤ ስሄድ አንድ ቀን ጨከንኩና «ጋሼ፣ ሄጄ ልናገር» አልኳቸው። እሳቸውም «አብሽሪ የኔ እናት። አንቺም ከገባሽ ክሊኒኩን ማን ይከፍታል?» አሉኝ። ያን ቃል እንደ ፈቃድ ወሰድኩት። እንዲያውም እሰይ ብዬ ወሰድኩት። ከእስር ሲወጡ ሥራቸውን አጥተዋል። ወንበራቸው ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ።

እሳቸው ንብ እያረቡ ኖሩ። በየዓመቱ ለአረፋ ቤታቸው እሄድ ነበር፤ በየዓመቱም ዛሬ ለልጆቻቸው እነግራለሁ እያልኩ እገባ ነበር። አንድ ጊዜ ትንሿ ልጃቸው እኔ ባለሁበት «አባ፣ ለምን ነበር የታሰሩት?» ብላ ጠየቀቻቸው። «ሳላነብ በመፈረሜ ነዋ» አሉና ማሩን ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝ። በላሁ። ልጆቻቸው ይህን ሲያነቡ ቢጠሉኝ እውነት አላቸው።

ጋሽ እንድሪስ፣ እርስዎ ወደ ክሊኒኩ ያልመጡትን በየመንደሩ እየዞሩ የቆጠሩ ሰው ነዎት። ቃሉን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ፊርማው ብቻ የእርስዎ ነው። ይህን እርስዎ ፊት፣ በዚያ ገበያ ሜዳ ላይ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ማለት ነበረብኝ። ከእንግዲህ በመካነ ሰላም ረሃቡን ማን ደበቀው የሚል ቢኖር ወደ እኔ ይምጣ፤ ቤቴን ሁሉም ያውቀዋል። አፉ ይበሉኝ ጋሼ፤ ይቅር ይበሉኝ። በሕይወት ሳሉ ብጠይቅዎት ወዲያው አፉ ብዬሻለሁ እንደሚሉኝ አውቅ ነበር፤ ያን እያወቅሁ ነው ያልጠየቅሁዎት። ደህና ይሁኑ።