የባለቤቴ ላፕቶፕና ቢጫዋ ምልክት

የባለቤቴን ላፕቶፕ ለቤተ ክርስቲያኗ መዘምራን እሰጣለሁ ብዬ ቃል የገባሁት እሷ በሞተች ሰሞን፣ የሐዘኑ ድንኳን ሳይነሳ ነው። ሰው በዚያ ሰሞን ያልተጠየቀውን ሁሉ ይሰጣል። እሷ ከእናቶች መዘምራን አንዷ ነበረች፤ የመዝሙሩን ግጥም ግድግዳ ላይ የሚያሳዩበት ኮምፒውተር ደግሞ ተበላሽቶባቸዋል። እኔ የእነሱ ምእመን አይደለሁም። ከወሎ ይዤው የመጣሁትን ሃይማኖት ሐዋሳም ላይ አልተውኩም፤ በዚህ ጉዳይ ዕድሜ ልካችንን ተከራክረን ማንም ማንንም ሳያሸንፍ ኖረናል። ሐሙስ ሐሙስ ልምምድ አምሽታ ስትመጣ፣ እኔ ብቻዬን እራት በልቼ እያጉረመረምኩ እጠብቃት ነበር።

መክፈቻ ቃሏን ስለማላውቅ ላፕቶፑን እዚሁ ሐዋሳ፣ ፒያሳ ያለ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ባለሙያው ፎቶዎቹን ፍላሽ ላይ ገልብጦ፣ የቀረውን ሁሉ አጥፍቶ አዲስ ዊንዶውስ ጫነበት። ሲያስረክበኝ ስክሪኑ ላይ የላፕቶፑን የውስጥ ዕቃዎች ዝርዝር ከፍቶ አሳየኝ። ከሁሉም ዕቃዎች መካከል አንዷ ስም የላትም፤ «ያልታወቀ መሣሪያ» ትላለች፣ ጎኗ ላይ ቢጫ ምልክት አለ።

«ይቺ ድራይቨር አጥታ ነው ጋሼ። ማሽኑ አሮጌ ስለሆነ አላገኘሁላትም። ምንም አትጎዳም፣ ይተዉት» አለኝ።

ድራይቨር ማለት ዕቃውን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያስተዋውቅ ፕሮግራም ነው። እሱ ከሌለ ኮምፒውተሩ የገዛ አካሉን አያውቀውም። እኔ ደግሞ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ለመጽሐፍ ቁጥር ስሰጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። ምንነቱ ያልታወቀ ነገር ይተው ሲሉኝ ደሜ ይፈላል።

የመዘምራኑ መሪ ስትደውል፣ «አንድ ያልታወቀ ዕቃ አለበት፤ ጎዶሎ ነገር በስጦታ አይሰጥም» አልኳት። እውነቱን ልናገርና ላፕቶፑ ከቤት እንዲወጣ አልፈለግሁም። ባለቤቴ እራት ስናቀርብ ወደ ጎን ገፋ ታደርገውና እዚያው ጠረጴዛ ላይ ያድር ነበር። አሁንም ከፊት ለፊቴ ተቀምጧል፤ እሱ ከተነሳ የምበላው ከባዶ ወንበር ጋር ተፋጥጬ ነው። ይህን ፈራሁ። ቢጫዋ ምልክት እስካለች ድረስ ግን ምክንያት አለኝ።

ምክንያት ብላትም መፈለጌን የምር ያዝኩት። ድምፁ ይሠራል፣ ካሜራው ይሠራል፣ ዋይፋዩም ይሠራል፤ ታዲያ የቀረው ምንድን ነው? ድራይቨር አፈላላጊ ነኝ የሚል ፕሮግራም ጫንኩ፤ ቢጫዋን ትቶ ሌሎች ጓደኞቹን ጋብዞ ገባ። እነሱን ነቅዬ ለመጣል ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ባለቤቴ ብትኖር «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ብላ ትስቅብኝ ነበር። መሳቋ ያናድደኝ ነበር፤ አሁን የሚያናድደኝ ሰው እንኳን የለም።

በመጨረሻ ኢንተርኔት ላይ አንድ የማላውቀው ሰው ለሌላ ችግረኛ የጻፈውን ምክር አገኘሁ። ስም የሌላት ዕቃ እንኳን የራሷ መለያ ቁጥር አላት፤ የፊተኛው ክፍል የሠሪዋ ነው፣ የኋለኛው የራሷ። እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁበት ሥራ አይደል? ቁጥሩን አውጥቼ ስልኬ ላይ ጽፌ ፈለግሁ። የጣት አሻራ ማንበቢያ ናት።

«አገኘኋት!» ብዬ ቀና አልኩ። ወንበሩ ብቻ ነበር።

ከቁልፎቹ በታች የክብሪት እንጨት የምታህል ቀጭን መስመር አለች። ጌጥ ትመስለኝ ነበር። ባለቤቴ ሥራ ከመጀመሯ በፊት ሁልጊዜ ጣቷን በላይዋ ታሳልፍ ነበር፤ እኔ አቧራ እየጠረገች ነው ብዬ ነው የኖርኩት። ንጽሕና ስለምትወድ አልገረመኝም። ለካ በሩን እየከፈተች ነው።

ድራይቨሩን ከአምራቹ የድሮ ፋይሎች መካከል አገኘሁት። ሲወርድ መብራት ሄደ፤ በማግስቱ ከሰዓት እንደገና አውርጄ ጫንኩት። ቢጫዋ ጠፋች። ወዲያው አንድ መልእክት መጣ፦ በዚህ ማንበቢያ ላይ የተመዘገበ ጣት አለ፤ አዲስ ለመመዝገብ የቀድሞውን ያጥፉ።

ባለሙያው ሁሉን አጥፍቶት የለ? ነገሩን ሳነብ ገባኝ፤ አሻራዋ የሚቀመጠው ዲስኩ ላይ ሳይሆን እዚያችው ቀጭን ዕቃ ውስጥ ነው። የያዘውን የማይለቀው ሞኝና ወረቀት ብቻ አይደለም ለካ። የራሴን ጣት አሳለፍኩ። አላወቀኝም። ሌላውንም ሞከርኩ፤ አላወቀኝም። ከዚያ እጄን እዚያው መስመር ላይ አድርጌ አለቀስኩ፤ ከቀብሯ ወዲህ እንደዚያ አልቅሼ አላውቅም።

ላፕቶፑን ለራሴ ላስቀር አሰብኩ። ግን እሷ የምትወደው ቦታ የት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ከእኔ ጋር ተዘግታ ከመቀመጥ ከዘማሪዎቹ ጋር ብትሆን ይሻላታል። እዚያ ደግሞ ያ መልእክት ቢመጣ፣ የማያውቅ ሰው በየዋህነት «አጥፋ» ይላል። ስለዚህ ስንት የደከምኩበትን ድራይቨር በገዛ እጄ አወጣሁት። ቢጫዋ ተመለሰች።

የመዘምራኑ መሪ በባጃጅ ታቦር ሰፈር፣ እቤቴ ድረስ መጣች።

«ያ ያልታወቀው ዕቃ ታወቀ ወይ ጋሼ?»

«አልታወቀም» አልኳት። «ምንም አይጎዳም። ብቻ ማንም እንዳይነካካው፣ አደራ።»

«እሺ ጋሼ። ዛሬውኑ ለልምምድ እንጠቀምበታለን» ብላ ላፕቶፑን ጭኗ ላይ አድርጋ ሄደች።

ሐሙስ ነበር። እራቴን ብቻዬን በላሁ፤ አላጉረመረምኩም።