ወለተ ኢየሱስ ያላለቀሰችው ለቅሶ

ወለተ ኢየሱስ ጠዋት ከመደቧ ስትወርድ፣ ካማተበች በኋላ መጀመሪያ የምትነካው ጉንጯን ነበር። ከቀንዱ ዕቃ ቅቤ በጣቷ ጫፍ ታወጣና ከቀኝ ዓይኗ ሥር እስከ አገጯ የወረዱትን ሦስት ጠባሳዎች አንድ በአንድ ታሻቸዋለች። ቁስሉ ከዳነ አሥራ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ቅቤው ግን አንድ ቀን ቀርቶ አያውቅም።

በቢቸና ዙሪያ ሰው ሲሞት የምትጠራ አልቃሽ ናት። ለቅሶው ሳይጀመር የሟቹን ዘመዶች ለየብቻ እያስቀመጠች ትጠይቃለች፦ ማንን ይወድ ነበር? በምን ይቆጣ ነበር? ከዚያ ቆማ ግጥሙን ታወርዳለች፤ ሕዝቡ ይቀበላታል። አብራት የምትዞረው ከሕፃንነቷ ያሳደገቻት የእህቷ ልጅ አሰጋሽ ነበረች።

«ድምፅሽ የትንኝ ነው» ትላታለች። «ሟቹ ‹ምን አለች?› ብሎ ይነሣብሻል።»

«ይነሣ እማማ፤ ቤተሰቡ ደስ ይለዋል።»

«የዛሬውስ ባይነሣ ይሻላቸዋል።»

ስትስቅ ግን አትቆይም። «ሟች አይዋሽበትም» ትላለች ወዲያው። «ስስታሙን ቸር ካልሽው ሕዝቡ ማልቀሱን ትቶ ይተያያል። የሚያሳፍረውን ዝለዪው እንጂ አትዋሺ።»

በሺህ ዘጠኝ መቶ ስድሳ አራት ዓመተ ምሕረት ጥር ላይ ታመመች። እንደማትነሣ ስታውቅ አሰጋሽን አጠገቧ አስቀምጣ፣ እንደ ሟች ዘመድ ራሷ ስለ ራሷ ነገረቻት።

የመጀመሪያ ልጇ ይርሳው በወሰን ድንጋይ ጠብ የጎረቤታቸውን የጓዴን ወንድም በዱላ መትቶ ገደለው። ጓዴ ደሙን ሳይመልስ ፀጉሩን ላይላጭ ማለ። ይርሳውን ቢያጣ ደሙ ወደ ታናሹ ወደ ባዘዘው ይዞራል፤ ባዘዘው ያኔ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ወለተ ኢየሱስ ይርሳውን ወደ ሞጣ ሸኝታ፣ ልብሱንና ጠመንጃውን በጉንደ ወይን በኩል ቆላ አስወርዳ ዓባይ ዳር አስጣለችው። ዕቃው ሲገኝ መርዶው ተነገረ። አገር ተሰበሰበ። በልጇ ልብስ ፊት ቆማ አወረደች፦

«ዓባይ ክፉ ውሃ፣ አንተ ሰው በላ፣
ልጄን ወስደህብኝ ምን ትሰጠኝ ሌላ።»

ጓዴ ከዳር ቆሞ ዓይን ዓይኗን ያያት ነበር። ያልተቀበላት መሰላት። ያን ጊዜ በጥፍሯ ፊቷን እስኪደማ ቧጠጠችው። በሳምንቱ ጓዴ ፀጉሩን ተላጨ።

ይርሳው ስሙን ለውጦ ሞጣ ውስጥ የዘይዳ ሸክም አውራጅ ሆነ፤ ዘይዳ ጨርቅ የምትነግድ የእስላም ባልቴት ናት። እናቱ በዓመት አንድ ጊዜ የሞጣ ጊዮርጊስን ልትሳለም እየሄደች ሱቁ በር ላይ ጨርቅ የምትመርጥ መስላ ታየዋለች። «ይህስ ዋጋው ስንት ነው?» ትለዋለች። ልጇ ይነግራታል። ሌላ ነገር ተነጋግረው አያውቁም። በሰባተኛው ዓመት ስትደርስ ንዳድ ገድሎት ሬሳው ከቤት እየወጣ ነበር።

«ሁሉንም አውርጂው» አለቻት አሰጋሽን። «ልጄ ሲሞት አልተለቀሰለትም። በእኔ ለቅሶ ይለቀስለት።»

አሰጋሽ ፈራች። ባዘዘው ዛሬ የጓዴን ልጅ አግብቶ ሁለት ወልዷል። ግን ደም ደም ነው። «ጓዴ ጠመንጃውን ይዞ ነው የሚመጣው፤ ተታለልኩ ብሎ ባዘዘው ላይ ቢነሣስ?»

«የልጅ ልጆቹን አባት አይገድልም። እኔም እፈራለሁ። ቢሆንም አውርጂው። አንዲት ነገር ብቻ ዝለዪልኝ።» በጆሮዋ ነገረቻት። በማግስቱ አረፈች።

በለቅሶው ቀን አሰጋሽ ከሕዝቡ መሀል ወጣች። ጓዴ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጧል። ባዘዘው ሬሳው አጠገብ ቆሟል። የአክስቷን ዘር ቆጠረች፣ ሙያዋን አነሣች፤ ድምፅዋ እንደ ትንኝ ቀጠነ። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና፦

«ዓባይ ምን በደለ፣ ስሙ የከፋው፤
ሞጣ ላይ ነው እንጂ ይርሳው የጠፋው።»

የተቀበላት የለም። ባዘዘው ቀና ብሎ አያት። ደገመችው፤ ዘይዳን፣ የሱቁን በር፣ ንዳዱን ጨመረች። የጓዴ እጅ ወደ ጠመንጃው ሄደ። ብድግ አለ። ሴቶቹ ባዘዘውን ከበቡት። ጓዴ ግን ጠመንጃውን መሬት ላይ አስቀመጠና ኩታውን አደግድጎ፣ በተሰነጠቀ ድምፅ የመጀመሪያው ተቀባይ ሆነ። ያን ጊዜ ሕዝቡ ከአሥራ ስድስት ዓመት በኋላ ለይርሳው አለቀሰ።

ሲመሽ ጓዴ ወደ አሰጋሽ ቀረበ። «አንቺ ልጅ፣ ይርሳው የተቀበረ ዕለት ሞጣ ገበያ ወርጄ ነበር። ከቀብሩም ቆሜያለሁ። እዚያ የሆነውን ምነው ሳትነግሪን ቀረሽ?»

«እማማ ዝለዪው ብለውኛል» አለች አሰጋሽ። ጓዴ አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

የተዘለለው ይህ ነው። በሞጣው መቃብር ዳር፣ ፊቱ ሳይቀር በነጭ በተከፈነው ሬሳ ላይ ዘይዳ ብቻዋን ታለቅስ ነበር። ወለተ ኢየሱስ ደርቃ ቆማለች። ጓዴ ከጀርባዋ መጥቶ፣ «እትዬ ወለቴ፣ ከአገርዎ ርቀው! ይህን ሟች ያውቁታል እንዴ?» አላት።

«አላውቀውም» አለች።