የጋሽ ተሾመ የማይጠፋ መብራት

ባለፈው ሳምንት መካኒኩ የመኪናዬን አሮጌ ባትሪ ነቅሎ ሲያወጣ ያ ጎምዛዛ የአሲድ ሽታ አፍንጫዬን ሰነፈጠኝ። ወዲያው ጋሽ ተሾመ ትዝ አሉኝ። አቤት ስፈራ የኖርኩት! እሳቸውን እንኳ አይደለም፣ መኪናቸውን ነው።

ዘጠናዎቹ ውስጥ ነው፣ ውጭ አገር፣ ስካርቦሮ። እኛ ሦስተኛ ፎቅ፣ እሳቸው ምድር ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ጋራዥ ነው የሚሠሩት። ከሕንፃው ጀርባ፣ ፓርኪንጉ ጥግ ላይ፣ አልጋና ምድጃ ያለው አሮጌ ሞተርሆም አቁመዋል። አንድም ቀን ሲነዱት አላየንም። ሌላው ሰው ዊንተር ሲገባ ባትሪውን ነቅሎ ቤቱ ያስገባል፤ ጋሽ ተሾመ ግን እዚያው ትተው፣ ከመስኮታቸው ረጅም ገመድ ስበው ቻርጅ ያደርጉታል። «ባዶ ባትሪ ውርጭ አይችልም፣ ይሰነጠቃል» ይሉ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ክዳኑን ከፍተው የተጣራ ውሃ ይጨምሩለታል፤ ጫፎቹን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይፈትጓቸዋል። ይህ ሁሉ ልፋት ከመኪናው በር በላይ ላለችው አንዲት ትንሽ አምፖል ነው። ቀን ከሌት ትበራለች።

እሱስ ባልከፋ። ሰው የሌለበትን የገዛ መኪናቸውን ከመክፈታቸው በፊት አንኳኩተው «ቤቶች!» ይላሉ። ቆም ብለው ያዳምጣሉ። አንዳንዴ መልስ የሰሙ ይመስል ራሳቸውን ነቅንቀው፣ በረዶውን ከጫማቸው አራግፈው ይገባሉ። እኔ ደግሞ ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ ገና በአሥር ሰዓት ተኩል ሲጨላልም፣ መጋረጃው ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። በማርያም፣ አይቻለሁ! ውስጥ አንዲት ሴትዮ ተደብቃለች ብዬ አመንኩ።

አንድ ማክሰኞ አላስቻለኝም። ገመዱን ከመኪናው ነቀልኩና እግሬ አውጪኝ አልኩ። ሐሙስ መብራቷ ጠፋች። ደስ አለኝ፤ ምን ልዋሽ።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ተሾመ እኛ ቤት መጡ። ፊታቸው አመድ መስሏል። ባትሪው ተሰንጥቋል።

«በሞቴ ይቀመጡ ጋሼ፣ ባትሪ ይገዛል እኮ» አለቻቸው እናቴ።

ተቀመጡ። ያን ቀን ነው ስለ ሚስታቸው ያወሩት። ወደ ሱዳን ሲሰደዱ ስደተኞቹን የያዘውን የጭነት መኪና የሚነዱት እሳቸው ነበሩ። መኪናው ስለሞላ ሚስታቸው ከእግረኞቹ ጋር ከኋላ ቀረች። «መብራቴን እያየሽ ነይ» ብለዋት፣ ጉብታ ላይ ቆመው መብራቱን አብርተው ጠበቋት። ያን ሰሞን ግን የባትሪውን ውሃ ሳያዩ ነበር የተነሱት። ሳይነጋ ባትሪው ሞተ። እሷም አልደረሰች።

«አሁንም መብራቱ ጠፋባት» አሉ ጋሽ ተሾመ።

እኔ እዬዬዬን ለቀቅኩት። «እኔ ነኝ የነቀልኩት! ውስጥ ያለችው ሴትዮ አስፈርታኝ ነው!» እናቴ ለጥፊ እጇን ስታነሳ ጋሽ ተሾመ ያዟት። ይቆጡኛል ስል ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉና «እኔም እፈራታለሁ ልጄ» አሉኝ። «አንድ ቀን መጥታ ደጄ ላይ ብትቆም ምን እላታለሁ?»

ሌላ ባትሪ አልገዙም። በረዶው ሲቀልጥ ሞተርሆሙን አስጎትተው ወሰዱት፤ እሳቸውም ብዙ ሳይቆዩ ሌላ ከተማ ሄዱ፣ ከዚያ በኋላ አላየናቸውም። እስከዚያ ቀን ድረስ ግን አዋቂ ሰው «እፈራለሁ» ብሎኝ አያውቅም ነበር። ዛሬ ልጄ ጨለማ ፈራሁ ስትለኝ «ምንም የለም» አልላትም። አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ እልና «እኔም» እላታለሁ።