ባለክዳኑ ወርዶ የተቀመጠ ዕለት

በከተማው ኦርኬስትራ ውስጥ ሃምሳ ስምንት ተጫዋቾች አሉ። እሱ የመጨረሻው ነው፤ ከኋላ፣ ግድግዳው ሥር። ስሙን የሚያውቁት ደመወዝ ከፋይዋና ሚስቱ ብቻ ናቸው። ሌላው ሰው «ባለክዳኑ» ይለዋል፣ የሚያጋጫቸው ሁለት የናስ ሲምባሎች የድስት ክዳን ስለሚመስሉ። ሥራው ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ምት ቆጥሮ አንድ ጊዜ ማጋጨት ነው። አንድ ጊዜ! ቀላል የሚመስለው ካለ ይሞክረው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ስቶ አያውቅም። ጢሙን ሲላጭም ዕቃ ሲያጥብም ጮክ ብሎ ይቆጥራል፤ ሚስቱ «ሁለት መቶ ዘጠና» ሲል ስትሰማ ድስቷን ታወርዳለች።

ኦርኬስትራው ግን መንምኗል። ማዘጋጃ ቤቱ በጀት ቀነሰና አዲስ ኖታ መግዛት ቀረ፤ አንዱን ሲምፎኒ አራት ዓመት ደጋገሙት። ሰው ሰለቸውና ቀረ። ገቢው እንዲካካስ ተብሎ ቲኬት ተወደደ። ቲኬት ሲወደድ ያልሰለቸውም ቀረ። ይህን ሁሉ ያሰቡት እንግዲህ የተማሩ ሰዎች ናቸው።

ደንባቸው ውስጥ አንድ አንቀጽ አለ፦ አዳራሽ የተቀመጠው ሰው መድረክ ላይ ካለው ካልበለጠ ዝግጅቱ ይሰረዛል። ሲጻፍ አዳራሹ ጢም ብሎ ይሞላ ስለነበር ማንም ልብ አላለውም። ያን እሁድ ከሰዓት ግን የማዘጋጃ ቤቱ ተቆጣጣሪ ብዕሩን ይዞ መጣ። ዛሬ ከተሰረዘ በጀት የለም፤ በጀት ከሌለ ሁሉም ወደየቤቱ ነው።

ባለክዳኑ ሚስቱን ለምኖ አመጣት። «ለአንዴ ቋ ብዬ የክት ልብሴን አላወጣም» እያለች ሃያ ሁለት ዓመት እንቢ ያለች ሴት በገዛ ገንዘቧ ቲኬት ቆርጣ ገባች። ከእሷ ጋር አድማጩ ሃምሳ ሰባት ሆነ።

ሥራ አስኪያጁ ላብ በላብ ሆኖ ከመጋረጃው ጀርባ መጣ።

«ጋሼ፣ ሁለት ሰው ጎደለን። እርስዎ ቢወርዱልን ግን እኛ በአንድ እንቀንሳለን፣ እነሱ በአንድ ይጨምራሉ።»

«ሲምባሉስ?»

«አንድ ምት አይደለች? ማን ልብ ይላታል?»

ባለክዳኑ እሺ ባይ ሰው ነው። ሲምባሎቹን ወንበሩ ላይ ትቶ ወረደና ሚስቱ አጠገብ ተቀመጠ።

«ምነው፣ አባረሩህ?» አለችው።

«ለቁጥር ነው» አላት።

ሙዚቃው ተጀመረ። ልማድ ሆኖበት ቆጠረ። ሦስት መቶ አሥራ አንድ ላይ እጆቹ ከጉልበቱ ተነሱ፤ መልሶ አስቀመጣቸው። ቫዮሊኖቹ አልፈው ሄዱ። ከፊቱ የተቀመጡት ሽማግሌ ማዛጋታቸውን አላቋረጡም። ምቱ ሳይመታ አለፈ፣ ሙዚቃውም ምንም አልሆነ። በዕድሜው እንደዚያ ከፍቶት አያውቅም።

ሲያበቃ ተቆጣጣሪው በር ላይ ቆሞ «ጥሩ ነበር፤ ምንም የጎደለ ነገር የለም» አለ። ሥራ አስኪያጁ ፊቱ በራ።

«ጋሼ፣ ከእንግዲህ እሁድ እሁድ እዚያው ይቀመጡልን። ከላይ ይልቅ ከታች ነው የሚጠቅሙን።»

«እሺ» አለ ባለክዳኑ። ሌላ ምን ይበል?

ሚስቱ ግን ቲኬቷን ዘረጋች። «ገንዘቤን መልስልኝ።»

«ለምን፣ እትዬ?»

«ጎድሏላ! ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ላይ ትንፋሼን ይዤ ብጠብቅ ጭራሽ ዝም! ሰው ገንዘቡን ከፍሎ እንዲህ ይደረጋል?»

«ለአንድ ምት ብለው?»

«የከፈልኩት ለእሷ ነው።»

ተቆጣጣሪው ብዕሩን እንደገና አወጣ። «ገንዘቡ የተመለሰለት ሰው አይቆጠርም። የእሳቸው ከተመለሰ አድማጩ ስንት ሊሆን ነው?»

ሃምሳ ሰባት ለሃምሳ ሰባት ነው የሚሆነው፤ ሥራ አስኪያጁም ያውቀዋል።

«ሁለት እህቶች አሉኝ» አለች። «በሚቀጥለው እሁድ እሱ ከመታ ሦስታችንም ከፍለን እንገባለን። ካልመታ የዛሬውን አሁኑኑ መልስ።»

ሥራ አስኪያጁ በጣቱ ደመረ፣ ቀነሰ። «ይመታሉ» አለ በመጨረሻ።

ባልና ሚስት ወጡ። ጎዳናው ማዕዘን ላይ ሲደርሱ ባለክዳኑ ቆመ።

«እውነት ጎደለ?» አላት።

«ጎደለ አልኩህ እኮ።»

ቤት እስኪደርሱ ሦስት ጊዜ ጠየቃት። ሦስቱንም ጊዜ መለሰችለት።