በሰይድ ፔጆ ላይ ያሰርኩት ኮይል

ይህን ለሚስቴ አልነገርኩም፤ እናቴም ሳልነግራት ሞተች። ለእናንተ የምናገረው ስለማታውቁኝ ነው። እኔ የሰው ትዳር ገና ሳይቆም አፍርሻለሁ። ያፈረስኩትም በገዛ እጄ፣ በመፍቻ ነው።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ውስጥ ነው። እዚህ ፈረንጅ አገር፣ ፌርፋክስ የሚባለው ሰፈር አጠገብ ጋራዥ ውስጥ እሠራ ነበር። ሰይድ የወሎ ልጅ፣ ወዳጄ ነው፤ ያችን ነጭ አሮጌ ፔጆውን ጠዋት ማታ ይወለውላታል። ጋርዴና ወደሚኖሩት ሐጂ ኡመር፣ ልጃቸውን ዘይነባን ሊጠይቅ ሽማግሌ የሚልክበት ቀን ተቆረጠና እኔ ዘንድ መጣ። "ኮይሉን አፕግሬድ አድርግልኝ፣ ከነሽማግሌዎቹ ፍሪዌይ ላይ እንዳልዋረድ" አለኝ።

ኮይል የባትሪውን ኤሌክትሪክ አበርትቶ ለካንዴላ የሚልክ ዕቃ ነው፤ ኃይለኛ አሰርኩለት። እንዲህ ያለው ኮይል ጉልበቱን የምትቀንስለት ሬዚስተር የምትባል ትንሽ ዕቃ ያስፈልገዋል። እሷ ከሌለች ኮይሉ ይግላል፣ ኤሌክትሪኩን የሚያገናኝና የሚያቋርጠው ፑንቲና ይቃጠላል፣ መኪናው ይቆማል። ይህን አላውቅም ነበር? አሳምሬ አውቅ ነበር። ሬዚስተሯን መሳቢያ ውስጥ ከትቼ ዘጋሁባት። ሞተሩ በአንድ ጊዜ ተነሳ፤ ሰይድም አቅፎ ሳመኝ።

ለምን? ዘይነባን ወድጄ ቢሆን ሰው ይረዳኝ ነበር። ልጅቷን ቀና ብዬ እንኳ አይቻት አላውቅም። ሰይድ አንድ ቀን በሰው ፊት "አንተን ማን ይድርሃል? መኪና ስር እንደተኛህ ትቀራለህ" ብሎ ቀለደብኝ። ሁሉም ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ለዚያች ቀልድ ነው፣ ለሌላ አይደለም።

ቀጠሮው ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ነበር። በዕለቱ የጋራዡ ስልክ ጮኸ፤ ሰይድ ነው፣ ከመንገድ ዳር የሳንቲም ስልክ።

"መኪናዋ ሞተችብኝ! ሽማግሌዎቹ ፀሐይ ላይ ናቸው። ሳንቲም ጨርሻለሁ፣ ሶ ለሐጂ አንተ ኮል አድርግላቸው፤ መንገድ ላይ ናቸው በላቸው፣ ኦኬ?"

"ኦኬ" አልኩት። የቆሙበትን ቦታና የሐጂን ቁጥር ነገረኝ፤ ቁጥሩን መዳፌ ላይ ጻፍኩት።

አልደወልኩም። ስልኩ አጠገቤ፣ ቁጥሩ መዳፌ ላይ፤ አልደወልኩም። ምሳዬን በላሁ፣ ሬዲዮ ሰማሁ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆይቼ አሮጌውን ኮይልና አዲስ ፑንቲና ይዤ ሄድኩ። ቀይሬ ለማስነሳት ሩብ ሰዓት እንኳ አልፈጀብኝም። "ሐጂ ጋ ደጋግሜ ደወልኩ፣ አያነሱም" ብዬም ዋሸሁ። የሽማግሌዎቹ ታላቅ ጋሼ ይማም እግራቸው አብጦ ጫማቸውን አውልቀው ነበር። "ልጄ፣ አላህ ከክፉ ይጠብቅህ" ብለው መዳፋቸውን ዘርግተው መረቁኝ። እኔም አሚን አልኩ።

ሐጂ በግ አርደው፣ ዘመድ ሰብስበው ሲጠብቁ ውለዋል። ሽማግሌዎቹ አርፍደው ሲደርሱ በሩን ገርበብ አድርገው "ልጄ የሚረሷት ሴት አይደለችም" አሏቸው። ሽማግሌዎቹ ቢምሉ ቢገዘቱ ሰበብ መሰላቸው። ዘይነባ ከውስጥ ስታለቅስ ይሰማ ነበር ብሎኛል ሰይድ። በዓመቱ ሂዩስተን ላለ ሰው ዳሯት። ሰይድ ሳያገባ ቀረ።

ዛሬም አለ፤ ፒኮ ላይ ሱቅ ከፍቷል። በሄድኩ ቁጥር "ያን ቀን የደረስክልኝ አንተ ብቻ ነህ" ይለኛል። እኔም "ምን አደረግኩና" እለዋለሁ።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ ይቅር ማለቱ የእናንተ አይደለም። የእሱ ነው፣ እሱን ደግሞ አልጠይቀውም። ተጸጽቻለሁ ብላችሁ እንዳታዝኑልኝ። ያን ቀን ስልኩን ስዘጋ ደስ ብሎኝ ነበር። ዛሬም ትዝ ሲለኝ ደስ የሚለኝ ጊዜ አለ።